ለማይለቅ የሆድ ችግር ሰፕሊመንት ስትሞክሩ፦ አንድ በአንድ፣ በደብተር፣ በቀነ ገደብ

አልጋዬ አጠገብ ባለው ኮሞዲኖ ላይ በአንድ ወቅት ሰባት ጠርሙስ ተደርድሮ ነበር። ፕሮባዮቲክ (ለአንጀት ይጠቅማል የሚባል ሕያው ባክቴሪያ)፣ ማግኒዚየም፣ የምግብ መፍጫ ኢንዛይም፣ የዝንጅብል ካፕሱል፣ የፋይበር ዱቄት፣ የእርድ ካፕሱል፣ ከዚያ ደግሞ የብዙ ዕፅዋት ቅልቅል የሆነ አንድ ጠርሙስ። ሁሉንም የጀመርኳቸው በአንድ ሳምንት ውስጥ ነው። ሆዴ መታመም ከጀመረ ሰባተኛ ዓመቱን ይዞ ስለነበር አንዱን ሞክሬ ሌላውን የምጠብቅበት ትዕግሥት አልነበረኝም። በሦስተኛው ሳምንት ሆዴ እንደ ከበሮ ተወጠረ፤ በቀን አራትና አምስት ጊዜ መጸዳጃ ቤት መመላለስ ጀመርኩ። ከሰባቱ የትኛው እንዲህ እንዳደረገኝ ግን ማወቅ አልቻልኩም። ሁሉንም በአንድ ቀን አቆምኩ። ምናልባት ከመካከላቸው የሚጠቅመኝ ካለም አብሮ ቆመ።

ከዚያ ወዲህ አራት ዓመት ሆኖኛል። በእነዚህ ዓመታት አንድ በአንድ እየሞከርኩ፣ እየጻፍኩ፣ አብዛኛውንም እየተውኩ የመጣሁበትን አካሄድ ነው የምነግራችሁ። ሐኪም አይደለሁም፤ ታማሚ ነኝ።

መጀመሪያ ምን እንደያዛችሁ እወቁ

የሆድ መነፋት፣ ቁርጠትና የሰገራ መዛባት የብዙ በሽታ ምልክት ነው። ሲሊያክ፣ የአንጀት መቆጣት፣ የታይሮይድ ችግር፣ ጃርዲያና አሜባ፣ የወተት ስኳርን (ላክቶስን) አለመፍጨት፣ ሁሉም ሲጀምሩ ሊመሳሰሉ ይችላሉ። የጨጓራ ቁስለት ለረጅም ዘመን ከጭንቀትና ከአሲድ ብዛት የሚመጣ ተደርጎ ይቆጠር ነበር። ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን የተባሉት አውስትራሊያውያን ሐኪሞች ግን ብዙውን ጊዜ መነሻው ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የሚባል ባክቴሪያ መሆኑን አሳዩ፤ ለዚህም እ.ኤ.አ. በ2005 የኖቤል ሽልማት አገኙ። ይህ ባክቴሪያ በአንቲባዮቲክ ይድናል። በአንቲባዮቲክ የሚድንን ነገር በዝንጅብል ካፕሱል እያባበሉ ዓመት ማሳለፍ ያሳዝናል።

ሰገራችሁ ላይ ደም ካያችሁ ወይም መልኩ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ሳታስቡት ኪሎ ከቀነሳችሁ፣ ተቅማጥ ወይም ሕመም ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅሳችሁ ከሆነ፣ ትኩሳት፣ የማያቋርጥ ትውከት፣ ለመዋጥ መቸገር፣ የደም ማነስ ካለ፣ በቤተሰብ የአንጀት ካንሰር፣ ሲሊያክ ወይም የአንጀት መቆጣት በሽታ ከነበረ፣ ወይም ችግሩ በአዲስ መልክ የጀመረው ከ45 ዓመት በኋላ ከሆነ፣ ይህን ጽሑፍ እዚህ ላይ አቁሙትና ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ሰፕሊመንቱ የትም አይሄድም።

አንድ ነገር አደራ፦ ለሲሊያክ ሳትመረመሩ ግሉተን፣ ማለትም በስንዴና በገብስ ውስጥ ያለውን ፕሮቲን፣ አታቁሙ፤ ሲሊያክ ግሉተን አንጀትን የሚጎዳበት በሽታ ነው። እኔ ሁለት ወር አቁሜ ከቆየሁ በኋላ ነበር ለምርመራ የሄድኩት። የደም ምርመራው የሚያየው ሰውነት ለግሉተን የሚሰጠውን ምላሽ ስለሆነ ግሉተን ያቆመ ሰው ውጤቱ በሐሰት ንጹሕ ሊመስል ይችላል። ሐኪሜ ለስድስት ሳምንት መልሼ እንድበላ አዘዘኝ። እነዚያን ስድስት ሳምንታት አልረሳቸውም።

በመጨረሻ የተነገረኝ አይቢኤስ ነው፤ አንጀት ሲታይ ጤነኛ ሆኖ ሥራው ግን የሚዛባበት፣ ሕመምን ከልክ በላይ የሚሰማበት ሁኔታ። ሐኪሞች ይህን የሚሉት የሆድ ሕመሙ ቢያንስ ከስድስት ወር በፊት ጀምሮ፣ ባለፉት ሦስት ወራት በአማካይ በሳምንት አንድ ቀን እንኳ ካለና ከመጸዳዳት ወይም ከሰገራ ለውጥ ጋር ከተያያዘ ነው። ከዚህ በታች የምለው በዋነኛነት ለእንዲህ ዓይነቱ ሆድ ይሠራል።

ከሐኪሙ ቀጥሎ ፋርማሲስት አነጋግሩ፤ አሁን የምትወስዱትንና የምታኝኩትን ሁሉ አሳዩ። የአይረን ኪኒን ያደርቃል፣ ሰገራንም ያጠቁራል። ካልሲየም ያለበት የቃር መድኃኒት ያደርቃል፤ ማግኒዚየም ያለበት ደግሞ ያስቀምጣል። እኔን የጠየቀችኝ ፋርማሲስት ግን ያስተዋለችው ሌላ ነገር ነበር፤ ቀኑን ሙሉ የማኝከውን ስኳር አልባ ማስቲካ። ሶርቢቶል የሚባል ማጣፈጫ አለበት። ሶርቢቶል በትንሹ አንጀት በደንብ ስለማይመጠጥ ውሃ ይስባል፣ ትልቁ አንጀት ሲደርስ ደግሞ ባክቴሪያዎች ያቦኩትና ጋዝ ይሆናል። ምንም ሳልገዛ፣ ማስቲካውን በመተው ብቻ መነፋቴ ትንሽ ቀለለ።

ሁለት ሳምንት ባዶ ደብተር

ይህን ክፍል ሰው ሁሉ መዝለል ይፈልጋል። እኔም ዘልዬው ነበር። ምንም አዲስ ነገር ሳትጀምሩ 14 ቀን ሙሉ ጻፉ።

እኔ ማታ ማታ ከመተኛቴ በፊት አንድ መስመር እጽፋለሁ። ሕመም ከ0 እስከ 10፣ መነፋት ከ0 እስከ 10፣ ስንት ጊዜ እንደተጸዳዳሁና የሰገራው ዓይነት፣ ያለፈውን ሌሊት ለስንት ሰዓት እንደተኛሁ፣ የወር አበባ ካለ እሱን። ለሰገራው የብሪስቶል መለኪያን ተጠቀሙ። ከ1 እስከ 7 ነው፤ 1 እንደ ጠጠር የደረቀና የተበጣጠሰ፣ 7 ደግሞ ፍጹም ውሃ፤ 3 እና 4 መልካም የሚባሉት ናቸው። ለሐኪም “ጥሩ አይደለም” ከማለት “በሳምንቱ አራት ቀን 6 ነበር” ማለት እጅግ ይሻላል፤ የማሳፈር ነገሩም ቁጥር ሲሆን ይቀንሳል። ከደብተሬ አንዱ መስመር እንዲህ ይላል፦ “ማክሰኞ። ሕመም 6፣ መነፋት 7፣ ሁለት ጊዜ፣ ዓይነት 6። እንቅልፍ 5 ሰዓት።”

የ14ቱ ቀን የሕመም አማካዬ 5.1 ወጣ። ቁጥሩ ብዙ የሚናገር አይመስልም፤ በኋላ ግን ሁሉንም የዳኘሁት በእሱ ነው።

ለምን አስፈላጊ እንደሆነ ልንገራችሁ። የዚህ ሕመም ጠባዩ መውጣትና መውረድ ነው። አዲስ ነገር የምንጀምረው ደግሞ ሁልጊዜ በባሰብን ቀን ነው፤ ደህና በሆነ ቀን ማን ጠርሙስ ይገዛል? ስለዚህ ምንም ባንወስድም በሚቀጥለው ሳምንት ሊሻለን ይችል ነበር። ምስጋናውን ግን ጠርሙሱ ይወስደዋል። በዚያ ላይ ተስፋ ራሱ ሆድን ይነካል፤ በአይቢኤስ ሙከራዎች ምንም መድኃኒት የሌለበት ኪኒን ከተሰጣቸው ሰዎች ከሦስቱ አንዱ ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ ተሽሎኛል ይላሉ። እነዚያ ሰዎች አልዋሹም፤ እውነት ቀልሏቸዋል። እኔ ግን በየወሩ ገንዘብ የማወጣበት ነገር ከዚያ የበለጠ እንዲሠራልኝ እፈልጋለሁ።

የቱን ልጀምር?

ደብተሩን ገልጣችሁ ከሁሉም የሚያስቸግራችሁን አንድ ነገር ምረጡ። ለድርቀት የሚሆነው ተቅማጥ ላለበት ሰው ጠላት ነው። “ለሆድ ጤና” ተብሎ የተጻፈበት ሁሉ ለእናንተ ሆድ አይደለም።

እኔ የጀመርኩት በሲሊየም ነው፤ ዛሬም አንድ ብቻ ምረጪ ብባል እሱን እመርጣለሁ። ሲሊየም የአንድ ተክል ዘር ገለፈት ነው። ውሃ ሲነካው አብጦ እንደ ጄል ይሆናል። የደረቀውን ሰገራ ያለሰልሰዋል፣ የቀጠነውን ደግሞ ይይዘዋል፤ ሁለቱንም መሥራቱን መጀመሪያ አላመንኩም ነበር። ከሌላው ፋይበር የሚለየው አንጀት ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ብዙም ስለማያቦኩት ጋዙ ያነሰ መሆኑ ነው። የስንዴ ፍሩሽካ አይቢኤስ ያለበትን ብዙ ሰው ሕመም ሲያባብስ፣ ሲሊየም ግን በጥናት ደጋግሞ ጥቅሙ የታየ ነው፤ የአሜሪካ የጨጓራና አንጀት ሐኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያም በውሃ የሚሟሟ ፋይበር እንዲሞከር ይመክራል።

አወሳሰዱ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ሙሉ መጠን በመጀመሪያው ቀን አትውሰዱ። እኔ በቀን 3 ግራም ጀመርኩ፣ በየሳምንቱ ትንሽ እየጨመርኩ በአራተኛው ሳምንት 10 ግራም አደረስኩት። በሚዛን ለኩት፤ የተፈጨው ዱቄትና ያልተፈጨው ገለፈት በአንድ የሻይ ማንኪያ እኩል አይመዝኑም። በአንድ ትልቅ ብርጭቆ ውሃ፣ 250 ሚሊ ሊትር ያህል፣ በጥብጣችሁ ጄል ሳይሆን ቶሎ ጠጡት፤ ከዚያም ሌላ ውሃ ጨምሩ። ደረቁን ወደ አፍ መጨመር ፈጽሞ አይገባም፤ ጉሮሮ ላይ አብጦ ሊያንቅ ይችላል። ለመዋጥ የሚቸገር ወይም የአንጀት መጥበብ ያለበት ሰው ጭራሹን አይጀምረው። ሌላ መድኃኒት ካላችሁ ቢያንስ በሁለት ሰዓት አራርቁ፤ ጄሉ መድኃኒቱን ይዞ ያስቀረዋል።

የመጀመሪያዎቹ አሥር ቀናት መነፋቴ ጨመረ። ላቆመው ነበር፤ ያስቀጠለኝ ደብተሩ ነው፣ ሕመሙ በዚያው ቀናት ከ5 ወደ 4 እየወረደ ነበርና። በአምስተኛው ሳምንት የሕመም አማካዬ 3.4 ሆነ።

ሁለተኛው የፔፐርሚንት ዘይት ነው፤ ቁርጠት ለሚይዘው ሰው። ውስጡ ያለው ሜንቶል የአንጀት ጡንቻ ካልሲየም እንዳያስገባ ስለሚከለክል የተጨበጠው ጡንቻ ይለቃል። ችግሩ ያንኑ ሥራ የጨጓራ አፍ ላይ ከሠራ ቃር ማምጣቱ ነው። ስለዚህ የሚገዛው ጨጓራ ውስጥ ሳይሟሟ አንጀት ሲደርስ የሚከፈት ሽፋን ያለው ካፕሱል ነው። በጥናቶች የተለመደው መጠን በአንድ ካፕሱል 0.2 ሚሊ ሊትር ሆኖ በቀን እስከ ሦስት ጊዜ፣ ምግብ ከመብላት ከ30 እስከ 60 ደቂቃ በፊት ነው። አይታኘክም፣ አይከፈትም። ከቃር መድኃኒት ጋር በአንድ ጊዜ ከተወሰደ ሽፋኑ ቀድሞ ይሟሟል። እኔ መጀመሪያ ከምግብ በኋላ ስወስደው ደረቴን አቃጠለኝ፤ ሰዓቱን ስቀይር ተወኝ። ቃር ዋና ችግራችሁ ከሆነ ግን ይቅርባችሁ።

ፕሮባዮቲክ ላይ ሐኪሞች ራሳቸው አልተስማሙም። ያው የአሜሪካው ኮሌጅ ለአይቢኤስ አይመክረውም፤ የብሪታንያ የጨጓራና አንጀት ሐኪሞች ማኅበር ደግሞ በዚያው ዓመት እስከ 12 ሳምንት ሞክሮ ለውጥ ከሌለ ማቆም ይቻላል ብሏል። የምትሞክሩ ከሆነ ጠርሙሱ ላይ የባክቴሪያው ሙሉ ስም እስከ መለያ ቁጥሩ ድረስ መጻፉን እዩ፤ “ቢፊዶባክቴሪየም” ብቻ ማለት “ሰው” ብሎ እንደመጥራት ነው። በአንዱ ዝርያ ላይ የተደረገ ጥናት ለሌላው አይመሰክርም። የመከላከል አቅማቸው የተዳከመ ሰዎች ያለ ሐኪም አይጀምሩት። እኔ አንዱን ስምንት ሳምንት ወሰድኩት፤ አማካዬ ከ3.4 ወደ 3.3 ሄደ። ይህ ለውጥ አይባልም። አቆምኩ።

ማግኒዚየም ለድርቀት ብቻ ነው። ሲትሬቱም ኦክሳይዱም ውሃ ወደ አንጀት ስቦ ያለሰልሳል። ለአዋቂ በሰፕሊመንት መልክ በቀን 350 ሚሊ ግራም በአሜሪካ የተቀመጠው ጣሪያ ነው፤ ከዚያ በላይ ከሐኪም ጋር። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ማግኒዚየሙን ማስወገድ ስለማይችል አይንካው።

የወተት ስኳርን የሚፈጨው ላክቴዝና የባቄላ ዘሮችን ጋዝ የሚቀንሰው አልፋ ጋላክቶሲዴዝ የሚባሉት ኢንዛይሞች የየቀን ሰፕሊመንት አይደሉም። ከዚያ ምግብ የመጀመሪያ ጉርሻ ጋር ይወሰዳሉ፤ በልተው ከጨረሱ በኋላ መዋጥ ብዙም አይረዳም። ወተት በእርግጥ የሚያስቸግራችሁ መሆኑን ሳታውቁ አትግዙ። ብዙ ኢንዛይም የተቀላቀለበትን ጠርሙስ አራት ሳምንት ሞክሬ ምንም አላየሁም፤ ቆሽቱ ኢንዛይም የማያመነጭለት ሰው የሚያስፈልገው በሐኪም የሚታዘዝ መድኃኒት ነው፣ ያ ሌላ ጉዳይ ነው።

ዝንጅብል ለማቅለሽለሽ ሊረዳ ይችላል፤ ለቁርጠትና ለመነፋት ግን ብዙ አልጠብቅበትም። የማልነካቸው አሉ፦ ከፍተኛ መጠን ያለው የእርድ ካፕሱል ጉበት የጎዳቸው ሰዎች ተመዝግበዋል፤ የከሰል ኪኒን የወሰዳችሁትን መድኃኒት ይዞ ሊወጣ ይችላል፤ “አንጀት ያጥባል” ተብሎ የሚሸጥ ነገር ውስጥ ብዙ ጊዜ ያለው እንደ ሬትና ሴና ያለ የሚያስቀምጥ ዕፅ ነው።

ጠርሙሱን አዙሩት

የፊቱ ማስታወቂያ ነው፤ የሚነበበው ጀርባው ነው። እኔ እነዚያን ሰባት ጠርሙሶች አንድ ቀን ወለል ላይ ዘርግቼ ጀርባቸውን ሳነብ ምሥጢሩ ወጣ። “የፋይበር ዱቄት” ያልኩት ንጹሕ ኢኑሊን ነበር፤ ኢኑሊን አይቢኤስ ያለበትን ሰው ከሚነፉት ነገሮች አንዱ ነው። ፕሮባዮቲኩ ካፕሱል ውስጥም “የባክቴሪያው ምግብ” ተብሎ ኢኑሊን ተጨምሯል። ማግኒዚየሙ 400 ሚሊ ግራም ኦክሳይድ። ሆዴ ምንም አላጠፋም፤ የሰጠሁትን ነው የመለሰልኝ።

ሶርቢቶል፣ ማኒቶል፣ ዛይሊቶል፣ ኢኑሊን፣ ላክቶስ ካለ አስቡበት፤ በተለይ እንደ ከረሜላ የሚታኘኩት ላይ አይጠፉም። የእያንዳንዱን መጠን ሳይነግር የጅምላ ድምር ብቻ የሚጽፍ ቅልቅል አትግዙ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው ሕግ ሰፕሊመንት ለገበያ ከመቅረቡ በፊት መሥራቱን ማረጋገጥ አይጠይቅም። እንደ ዩኤስፒና ኤንኤስኤፍ ያሉ ገለልተኛ መርማሪዎች ማኅተም ካለበት ውስጡ ያለው ከተጻፈው ጋር መስማማቱ ታይቷል ማለት ነው። ይሠራል ማለት ግን አይደለም።

እርጉዝ ከሆናችሁ፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ ወይም ቀዶ ሕክምና ከቀረባችሁ ከመጀመር በፊት ጠይቁ። የታይሮይድ ኪኒን የሚወስድ ሰው ከካልሲየም፣ ከአይረንና ከማግኒዚየም በአራት ሰዓት ያራርቀው።

መቼ ይቆማል?

ጠርሙሱን በከፈታችሁበት ቀን ክዳኑ ላይ ሁለት ቀን ጻፉ፤ የተጀመረበትንና የሚፈረድበትን። ለሲሊየም መጠኑ ከሞላ በኋላ ሁለት ሳምንት፣ ለፔፐርሚንት አራት ሳምንት፣ ለፕሮባዮቲክ ከአራት እስከ አሥራ ሁለት ሳምንት ይበቃል። በዚያ ጊዜ ሌላ አዲስ ነገር አትጀምሩ፣ አመጋገባችሁንም ከሥሩ አትቀይሩ። ሽፍታ፣ የፊት እብጠት፣ የዓይን ቢጫ መሆን፣ ደም ወይም ከባድ ሕመም ከመጣ ቀነ ገደብ አይጠበቅም፤ ዛሬውኑ ይቆማል፣ ሐኪምም ይታያል።

“ተሻለኝ” ለማለት ምን እንደሚበቃችሁም አስቀድማችሁ ወስኑ። የአይቢኤስ መድኃኒቶች ሲፈተኑ አንዱ የተለመደ መለኪያ ሕመሙ ቢያንስ በ30 በመቶ መቀነሱ ነው፤ እኔም እሱን ወሰድኩ። ከ5.1 ወደ 3.4 መውረድ 33 በመቶ ነው። ሲሊየም አለፈ። ፕሮባዮቲኩ ወደቀ፤ ውድ መሆኑና ጠርሙሱ አለማለቁ አላዳነውም።

ያለፈውም ቢሆን አንዴ መፈተን አለበት። ሲሻላችሁ፣ ደህና በሆናችሁበት ወቅት፣ ሁለት ሳምንት አቁሙትና ጻፉ። ይህ ያስፈራል፤ ያገኘሁትን ሰላም በእጄ የማፈርስ መስሎኝ ሦስት ወር አዘግይቼዋለሁ። ሲሊየሙን ባቆምኩ በዘጠነኛው ቀን ሕመሙ ወደ 5 ተመለሰ፣ የሰገራው ዓይነትም ከ4 ወደ 2 ወረደ፤ መልሼ ጀመርኩ፣ ከዚያ ወዲህ ያለ ጥርጣሬ እወስደዋለሁ። ፔፐርሚንቱን በየቀኑ መውሰድ ሳቆም ግን ምንም አልተቀየረም። አሁን ቦርሳዬ ውስጥ ይቀመጣል፤ ቁርጠቱ እንደሚመጣ በማውቅባቸው ቀናት፣ የወር አበባዬ ሊመጣ ሁለት ቀን ሲቀረውና ረጅም መንገድ ስሄድ፣ ከምግብ በፊት አንዱን እውጣለሁ።